ሰማንያ ሁለት ቀን በአሲድ ውስጥ

መይሙና ሴሎቿን በሙቀት ከምታሳድግበት ኢንኩቤተር የመጀመሪያውን ፍላስክ አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። ቀይ ነው። መልሳ አስቀመጠችና ሁለተኛውን አነሳች፤ ከዚያ ሦስተኛውን። ሁሉም ቀይ ናቸው፣ ወደ ሮዝ የሚወስደው የጤነኛ ሴል ምግብ ቀለም። በስህተት ሌላ ፍላስክ አንስታ እንደሆነ ብላ ቁጥራቸውን ደጋግማ አነበበች። አ1፣ አ2፣ አ3። የገዛ እጅ ጽሑፏ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ለዐረፋ ወደ ደሴ ስትሄድ እነዚህ ሦስቱ እንደ አናናስ ጭማቂ ቢጫ ነበሩ። ቢጫ መሆንም ነበረባቸው።

የኢንኩቤተሩን በር ስትዘጋ፣ ስትከፍት ያላስተዋለችው ወረቀት ተለጥፎበት አየች። ጽሑፉ የጋሽ ፈቃደ ነው፤ ፊደል በፊደል ተለቅሞ የተጻፈ። “እሁድ 5 ሰዓት። ስድስቱም ተቀይረዋል። ፈቃደ።”

ሰዓቷን አየች። ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሴሎቹ ያለ አሲድ ሃያ አንድ ሰዓት ተኩል አሳልፈዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ መልእክተኛው ደረቅ በረዶ የሞላ ሣጥኑን ይዞ ይመጣል። ናሙናው ናይሮቢ ወዳለው ቤተ ሙከራ ይሄዳል፤ እዚያ ተራ የሚገኘው በመንፈቅ አንዴ ነው። የዛሬው ካለፈ መመረቂያ ጽሑፏም ከዘንድሮ ያልፋል።

ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

ጋሽ ፈቃደ ነጭ ጋውናቸውን እየቆለፉ ገቡ። የዚህ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ከሆኑ ሃያ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ነሐሴ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እሳቸው የያዙት ፍላስክ ውስጥ ሻጋታ ገብቶ አያውቅም ይባላል። ይባላል እንጂ እሳቸው ራሳቸው አይሉትም። ሌላ ሰው ሲለው ግን አያስተባብሉም።

“እንኳን አደረሳችሁ መይሙ። ደሴ እንዴት ናት? ዝናብ ጥሎላቸዋል?”

“እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ጋሽ ፈቃደ። ጥሏል።”

“ልጆችሽን አየሻቸው? ባልደርስላቸው አልቀውልሽ ነበር። መብራት ሄደ ብሎ ዘበኛው ደወለልኝ። ከልደታ ከቅዳሴ እየወጣሁ ስለነበር ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የመጣሁት። ጄኔሬተሩ ደህና ነው። ኢንኩቤተሩን ስከፍተው ሦስቱ ቢጫ ሆነው ቁጭ። ምን ነክቷት ነው እንዲህ ጥላቸው የሄደች አልኩ። አይዞሽ፣ በዓል ነው፤ ሰው ይረሳል።”

“አመሰግናለሁ” አለች መይሙና።

“ምስጋናውን ተይው። ሥጋችሁን እንደሁ አልቀምሰውም፤ የደሴ ማር ይዘሽ ከመጣሽ ግን አላሳልፍሽም።” እየሳቁ ወደ ጓዳው ክፍል ሄዱ።

ልትቆጣቸው አልቻለችም። ቢጫን መፍራት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እዚህ ላብራቶሪ ለሚገባ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚነግሩት ነገር ነው፤ ምግቡ ውስጥ ቀለም አለ፣ ቀዩ ወደ ቢጫ ከዞረ ሴሎቹ ያለውን በልተው ጨርሰው በገዛ ቆሻሻቸው ውስጥ እየዋኙ ነው፣ ቢጫ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩ። እሁድ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩትን።

የእሷ ሥራ ግን ከዚህ የተገላቢጦሽ ነበር። የካንሰር ሴል የያዙትን ሦስቱን ፍላስክ ከመጋቢት ጀምራ የመገበቻቸው እሷው ራሷ አሲድ ጨምራ ያኮመጠጠችውን ምግብ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ለማነጻጸሪያ ተራውን ቀይ ምግብ ይበላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሴሎቹ አብዛኞቹ ሞተው ተንሳፈፉ። ጥቂቶቹ ግድግዳውን እንደያዙ ቀሩ። በሦስተኛው ሳምንት እነዚያ ጥቂቶች ቀስ እያሉ መራባት ጀመሩ። በየሦስት ቀኑ፣ አንዳንዴም በየአራት ቀኑ ቢጫውን አውጥታ አዲስ ቢጫ ትሰጣቸው ነበር። የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት እየጾመች አበላቻቸው። በዒድ አልፈጥር ቀን እንኳ ከሶላት መልስ አዲሱን ቀሚሷን በጋውን ሸፍና መጥታለች። የደሴው ጉዞ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ዕረፍቷ ነበር።

ለአባቷ ያስረዳችው አንድ ከሰዓት በኋላ ተክለ ሃይማኖት ያለው የስፌት ሱቁ ውስጥ ነው። አባቷ ሰላሃዲን የወንድ ሱፍ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰው ሲያወራው እጁን አያቆምም።

“ካንሰር ስኳር ይወዳል ይላሉ” አላት ያን ቀን።

“ይወዳል። ግን ሲበላ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ ሰፈሩን ያኮመጥጠዋል። ራሱ ባኮመጠጠው ሰፈር ውስጥ ብዙው ይሞታል።”

“ይበለው።”

“ሁሉም አይሞትም እኮ አባዬ። የቀሩት አመላቸውን ይቀይራሉ። ከስኳሩ ይቀንሱና ከውጭ ስብ መሳብ ይጀምራሉ። የቻሉትን ያቃጥሉታል፤ የተረፋቸውን በትንንሽ ጠብታ አድርገው ሆዳቸው ውስጥ ያከማቹታል።”

የአባቷ እጅ ያኔ ቆመ። “ታዲያ መጋዘኑ ላይ ነዋ መሄድ” አለ።

“ምን?”

“የሚያከማች ሰው መጋዘን አለው። መጋዘኑ ከታወቀ ደግሞ ይያዛል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?” ከጎኑ የሚሰፋው ሙደሲር ሳቀ። መይሙና ግን አልሳቀችም። ጽሑፏ መግቢያ ላይ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ቃል አስገብታዋለች፤ አማካሪዋ ዶክተር ጽንዓትም ከሥሩ አስምረው “ጥሩ” ብለውበታል።

አሁን ተነሳችና አ1ን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችው። ጠብታዎቹ አሉ። በየሴሉ ውስጥ፣ ሾርባ ላይ እንደሚንሳፈፍ ዘይት ክብ ክብ ሆነው ያበራሉ። ምናልባት ሐሙስ ከነበሩት ያንሳሉ፤ ምናልባትም አያንሱም። በዓይን አይለይም። ለዚህ ነው ናይሮቢ የሚላከው፤ እዚያ ያለው መሣሪያ እያንዳንዱን የስብ ዓይነት ለይቶ ይመዝናል።

በዓይን የማይለይ ከሆነ ማን ያውቃል? ፍሪጁ ውስጥ ያኮመጠጠችው ምግብ ግማሽ ጠርሙስ ቀርቷል። አሁን ብትቀይረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስድስት ሰዓት አሲድ ውስጥ ይቆያሉ። ፍላስኮቹ ቢጫ ይሆናሉ። በሩ ላይ ያለው ወረቀት ተገንጥሎ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ጋሽ ፈቃደም ምንም ሳይሰሙ፣ እጃቸው ሳይነቀፍ ጡረታ ይወጣሉ። ለእሳቸውም ይሻላል። እንዲህ ብላ ስታስብ ሐሳቡ ደግነት መሰላት።

ጠርሙሱን አውጥታ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀመጠችው። ውጤት የምትመዘግብበትን ደብተር ከፈተች። የሠንጠረዡ ርዕስ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል፤ “ያለማቋረጥ በአሲድ ውስጥ የቆዩ ሴሎች”። ከሥሩ እስከ ሐሙስ ድረስ ሰባ ዘጠኝ መስመር በእጇ ተሞልቷል። የዓርብ፣ የቅዳሜና የእሁድ መስመር ባዶ ነው። ከሰባ ዘጠኙ ውስጥ በዓይኗ ያላየችው፣ በእጇ ያልለካችው አንድ ቁጥር የለም። አንድ ቀን መለኪያው ተበላሽቶ ያልለካችበት ነበር፤ “አልተለካም” ብላ ነው የጻፈችው።

ስልኳ ጠራ። አባቷ ነው። አላነሳችውም። ቀጥሎ የጽሑፍ መልእክት ላከላት፤ “የምረቃ ኮትሽን ትከሻ ልገጥም ነው። መጥተሽ ለኪው። የደሴዎቹ የምረቃውን ቀን ንገሩን እያሉ ነው።”

ጓንቷን አጥልቃ ፈሳሽ የምትስብበትን ፒፔት አነሳች። ጠርሙሱን ከፍታ የመጀመሪያውን ልክ ስትስብ ጋሽ ፈቃደ ከኋላዋ መጥተው ቆመው ነበር።

“ያ ተበላሽቷል፣ ድፊው” አሉ።

“ምኑ?”

“የያዝሽው። ቀለሙን አታዪውም? ምን ነካሽ ዛሬ? ከፍሪጅ አዲስ ላምጣልሽ።”

እርምጃቸውን ሰማች። እውነትም ሊያመጡላት እየሄዱ ነው።

“አልተበላሸም ጋሽ ፈቃደ” አለች ዞራ ሳታያቸው። “እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት።”

“ሆን ብለሽ?”

“ሆን ብዬ። እነዚያንም ሦስቱን። ሰማንያ ሁለት ቀን ሙሉ።”

እርምጃው ቆመ። በፒፔቱ የሳበችውን ወደ ጠርሙሱ ገልብጣ ክዳኑን መለሰችና ዞረች። ጋሽ ፈቃደ መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ የቆሸሸ ነገር የለበትም።

“ከጎኔ ተቀምጠሽ ሰማንያ ሁለት ቀን” አሉ። “ለምን አልነገርሽኝም?”

ጽሑፏን ለሚገመግመው ኮሚቴ በሃያ ሁለት ስላይድ አስረድታለች። ለአባቷ፣ ለሙደሲር፣ ደሴ ላይ ለአክስቶቿ ሁሉ ነግራለች። ሌላ ሰው ቢነካውስ ብላ ማስታወሻ እንኳ ያልተወችው፣ የማንም እጅ የማይደርስበት የራሷ ሥራ ስለመሰላት ነው። ከጎኗ ላሉት ሰው ያልነገረችው ደግሞ… ምክንያቱን ስታገኘው ጆሮዋ ጋለ።

“የማይገባኝ መስሎሽ ነው” አሉ ጋሽ ፈቃደ። ጥያቄ አልነበረም።

“አዎ” አለች። “ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። “በይ አሁን ንገሪኝ።”

ነገረቻቸው። ለአባቷ ከነገረችው ይልቅ ረዘም አድርጋ፣ ለኮሚቴው ካለችው ደግሞ ግልጽ አድርጋ። ስለ አሲዱ፣ ስለ ስኳሩ፣ ከውጭ ስለሚሳበው ስብ። ጋሽ ፈቃደ አንዴም አላቋረጧትም። ስትጨርስ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አሉ። ማስተካከያውን በሁለት ጣት ነካ እያደረጉ ረጅም ጊዜ አዩ።

“ይህቺን ነጠብጣብ አውቃታለሁ” አሉ።

“ከየት?”

“ተማሪ ረስቶ ከሚተዋቸው ፍላስኮች። ቢጫ ሆኖ፣ አብዛኛው አልቆ፣ ጥግ ላይ ጥቂት ተርፎ ይገኛል። የተረፉት ውስጥ ይህቺ የምታበራ ነገር አትጠፋም። ቆሻሻ ናት ብዬ ስንቱን ደፋሁት መሰለሽ።” ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ አላነሱም። “ስብ ነው አልሽኝ?”

“ስብ ነው።”

“ስብ ነው” አሉ ቀስ ብለው። “ሃያ ሰባት ዓመት ሳየው።”

መይሙና የመጣባትን ሳቅ መያዝ አልቻለችም፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ቀና ብለው ወንበር ሳቡና ደብተሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

“ጻፊው። እሁድ አምስት ሰዓት ላይ ፈቃደ ሀብተሥላሴ ቀየረው ብለሽ።”

“የቀሩዎት ሁለት ወር ናቸው። እኔ ማስታወሻ አልተውኩም ብዬ እጽፋለሁ፤ ይበቃል።”

“እሱንም ጻፊ፤ እውነት ነው። የእጄን ሥራ ግን አትደብቂው። እዚህ መዝገብ ላይ ፊርማዬ ያለው ያደረግኩትን ነገር ሁሉ አድርጌያለሁ ስላልኩ ነው። ለሁለት ወር ብለሽ አሁን ሌላ ሰው ልታደርጊኝ ነው?”

ሁለቱንም ጻፈች። የርዕሱን “ያለማቋረጥ” በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ የተሰረዘው እንዲነበብ አድርጋ፣ እሳቸው እንዳስተማሯት።

ዶክተር ጽንዓት ቢሮ አብረው ገቡ። ዶክተሯ ሲናገሩም ሲሰሙም ፊታቸው የማይለዋወጥ ሴት ናቸው። ወሬውን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ “ማን ነው የቀየረው?” አሉ።

“እኔ ነኝ” አሉ ጋሽ ፈቃደ።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አለች መይሙና።

“አንድ ፒፔት ለሁለት አይያዝም። አንዳችሁ ተናገሩ።”

ጋሽ ፈቃደ ተናገሩ። ዶክተሯ ደብተሩን ተቀብለው የተሰረዘውን ቃል አዩት። ከመስኮቱ ውጭ ባቡሩ ወደ ሜክሲኮ እያለፈ ነበር።

“መልሰሽ አሲድ ብትጨምሪበት ናይሮቢ ያሉት አያውቁም ነበር” አሉ። “እኔም አላውቅም።”

“ልጨምር ነበር” አለች መይሙና። “ፒፔቱን ስቤ ነበር።”

“እና?”

“ሠንጠረዡ ያለማቋረጥ ይላል። ተቋርጧል።”

ዶክተር ጽንዓት ደብተሩን ዘጉት። “እንግዲህ ስሚኝ። ዛሬ መላክ ትችያለሽ፤ እንደሆነው ጽፈሽ። ሌላ ጥያቄ ይመልስልን ይሆናል። አሲዱ ሲነሳ ልማዳቸው አብሮ ይነሳል ወይስ ይቆያል፣ እሱን። ኮሚቴው ያጸደቀልሽን ጥያቄ ግን አይመልስም። ለእሱ ያልተቋረጡ ሴሎች ያስፈልጉሻል። በስምንተኛው ሳምንት ናይትሮጅን ውስጥ ያቀዘቀዝሽው አለ አይደል?”

“አራት ቱቦ አለ።”

“ከዚያ ትነሺያለሽ። ኮሚቴው ፊት የምትቀርቢበት ዲፌንስሽ ወደ ጥር ሄደ ማለት ነው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።” ደብተሩን መለሱላት። “ጥሩ ግራፍ ይዞ እዚህ ቢሮ የገባ ተማሪ ብዙ ነው። የተሰረዘ መስመር ይዞ የገባ ትዝ አይለኝም። አሁን ሂዱ፤ መልእክተኛው አይጠብቃችሁም።”

የናሙናው ቱቦ ከጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ የሚለጠፍበት ወረቀትም እንዲሁ። መይሙና በጣም ቀጭኑን እስክሪብቶ መርጣ ከሦስቱ ፍላስክ ሦስት ሦስት ሆነው በተሞሉት ዘጠኝ ቱቦዎች ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ጻፈች፤ “82 ቀን አሲድ፣ 1 ቀን ያለ አሲድ”። ጋሽ ፈቃደ ከጎኗ ሆነው አንድ በአንድ አነበቧቸውና ሣጥኑ ውስጥ ደረደሯቸው። ከደረቁ በረዶ የሚነሳው ጭጋግ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። መልእክተኛው ፈርሞ ሣጥኑን ተሸክሞ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለአባቷ ደወለች። ከበስተጀርባው የስፌት መኪናው ይሰማል።

“አባዬ፣ ዘንድሮ አልመረቅም። ጥር ነው፣ ኢንሻአላህ።”

መኪናው ቆመ። “ምን ተፈጠረ?”

ነገረችው።

“የደሴዎቹ ገና አልተነሱም፤ እነሱ ችግር የለባቸውም” አለ። “እዚህ ግን ለሰፊዎቹ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ለነሙደሲር ምን ልበላቸው?”

“እንደገና እየሠራች ነው በላቸው።”

“ወደቀች ነው የሚሉት።”

“አልወደቅኩም።”

“አውቃለሁ አልወደቅሽም። ማን ነው ያበላሸብሽ?”

በተከፈተው በር በኩል ጋሽ ፈቃደን አየቻቸው። ጠረጴዛውን በአልኮል እየወለወሉ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከዚያ ደግሞ ከላይ ወደ ታች።

“ማንም አላበላሸብኝም። ሳልነግራቸው ሊረዱኝ የሞከሩ ሰው ነበሩ።”

“መደበቅ ትችይ ነበር?”

“እችል ነበር። ማንም አያውቅም ነበር።”

ከወዲያ በኩል ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማት። “እንግዲያው እሱን ነው የምነግራቸው” አለ አባቷ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር፤ ለእሷ ብቻ አልነበረም። “ሙደሲር ልጁን አምና አስመርቋል፤ ፎቶውንም ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። እንዲህ ያለ ወሬ ግን የለውም። ልንገረው እስቲ፣ ምን እንደሚል አያለሁ።” ስልኩን ሳይዘጋ፣ “ሙደሲር” ሲል ሰማችው።

ስትመለስ ጋሽ ፈቃደ የናይትሮጅኑን ታንክ ክዳን ከፍተው ወፍራሙን ጓንት አጥልቀው ይጠብቋታል። የስምንተኛውን ሳምንት ቱቦ አወጡ። እሷ በሞቀው ውኃ ውስጥ ይዛ በረዶው እስኪቀልጥ ወዘወዘችው። ከዚያ ያኮመጠጠችው ምግብ ውስጥ ጨመረችው። ጋሽ ፈቃደ ፍላስኩ ቢጫ ሲሆን እያዩ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው ቆሙ።

“አይቀየርም አይደል?” አሉ።

“እስከ ሐሙስ አይቀየርም።”

ለኢንኩቤተሩ በር ለመጀመሪያ ጊዜ ሠንጠረዥ አሰመረች። ቀን፣ ሰዓት፣ የመገበው ሰው ስም። እስካሁን ደብተሯ ውስጥ ባሰመረቻቸው ሠንጠረዦች የስሙን ዓምድ ከላይ እስከ ታች በራሷ ስም ትሞላው ነበር፤ ሥራው ገና ሳይጀመር። ለሐሙስ ስሟን ጻፈች። ቀጣዩ መስመር የእሁድ ነው። እስክሪብቶውን አዙራ ለጋሽ ፈቃደ ሰጠቻቸው።

ጋሽ ፈቃደ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው መስመሩን በዓይናቸው ለካ አደረጉ፤ ከዚያ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ፊደል በፊደል ለቅመው ጻፉበት።